በወረርሽኝ እገዳ ወቅት የእርግዝና ክትትል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ በመሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ እነዚህን ጥያቄዎች ያኔ በካርድ ክፍል በር ላይ፣ በስልክና በታክሲ ሰልፍ ሰማኋቸው፤ የወረርሽኝ ወሬ በተነሣ ቁጥርም ይመለሳሉ።

እገዳ ሲታወጅ ለእርግዝና ክትትል መውጣት ይከለከላል?

አይከለከልም። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ለአምስት ወራት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ፤ በአደባባይ አፍና አፍንጫ መሸፈንን አስገደደ፤ የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ እንዲጭን አደረገ። ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ጤና ተቋም እንዳትሄድ የሚል ነገር ግን አልነበረበትም። እንደ ሌላው ዓለም ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ የሚል እገዳም እዚህ አገር አልታወጀም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሠርቶ የሚያገኝ በበዛበት ከተማ እንዴት ይሆናል?

ሴቶቹን ያስቀራቸው አዋጁ ሳይሆን «አሉ» ነው። «ጤና ጣቢያው ተዘግቷል አሉ»፣ «ያሳለ ሁሉ ወደ ኮተቤው የኮቪድ ሆስፒታል ይወሰዳል አሉ»፣ «ነፍሰ ጡር አይቀበሉም አሉ»። ከዶሮ ማነቂያ እስከ ካዛንቺስ «አሉ»ን የሰማች ሁሉ ካርዷን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰሚ ለጤና ጣቢያሽ ደውለሽ አረጋግጪ። ስልኩ ካልተነሣ አንድ ሰው በጠዋት ሄዶ አይቶ ይምጣልሽ።

ሆስፒታል በሽታው ያለበት ቦታ ነው፤ ቤቴ ብቀመጥ አይሻልም?

ይህን ያልጠየቀችኝ ሴት የለችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ እኛም ፈርተን ነበር። ነገር ግን ሚዛኑ ላይ ሁለት ነገር ይቀመጥ። አንደኛው ወረፋ ላይ በቫይረሱ የመያዝ ዕድል ነው፤ ይህን ማስክ፣ ርቀትና ሳሙና ይቀንሱታል። ሁለተኛው እርግዝናው ራሱ ይዞት የሚመጣው አደጋ ነው። እሱን ቤት መቀመጥ አይቀንሰውም፤ ይደብቀዋል እንጂ።

የደም ግፊትን ውሰጂ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣው የእርግዝና ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ይጀምራል። ሴትየዋ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ቡና ታፈላለች፤ ግፊቱ ግን 150 በ100 ደርሷል። እጇ ላይ መለኪያውን ጠምጥሞ ሽንቷን ለመመርመር ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሳይታወቅ ሲቀር አንድ ቀን ራሷን ፈልጦ ያማታል፣ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ያንቀጠቅጣታል። ያን ጊዜ ዘመድ ልክፍት ነው አይደለም ሲከራከር ሰዓቱ ይሄዳል። የደም ማነስም፣ ቂጥኝም፣ ኤችአይቪም፣ ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ድምፅ የላቸውም፤ ካልፈለግናቸው «አለን» አይሉም።

እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 ኢቦላ ሴራሊዮንን ሲመታ እናቶች ከጤና ተቋም ሸሹ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት በዚያ ሽሽት ምክንያት ቢያንስ 3,600 ተጨማሪ እናቶች፣ ጨቅላዎችና በሆድ ያሉ ሕፃናት እንደሞቱ ገመቱ። በዚያች አገር ኢቦላ ራሱ ከገደለው ሰው ቁጥር ብዙም አይርቅም። ቤት መቀመጥ ለገበያ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ጥንቃቄ ነው፤ ለክትትል ግን አይደለም።

በእርግዝና ዘመን ስንት ጊዜ መሄድ አለብኝ?

ቀድሞ አራት ጊዜ ነበር፤ አሁን ያለው መመሪያ የዓለም ጤና ድርጅትን ምክር ተከትሎ ስምንት አድርጎታል። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት። እውነቱን ለመናገር ወረርሽኝ በሌለበት ዘመንም ከዚህ ርቀን ነው የኖርነው፦ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ አራትና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት እናቶች 43 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ከዚህ እጅግ የተሻለች ናት፤ ይሁን እንጂ ዘግይቶ መጀመር እዚህም የተለመደ ነው።

ስትሄጂ የመጨረሻው የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ይዘሽ ሂጂ። ቁጥሩ ከጠፋብሽ አትፈሪ፤ «የጥር ማርያም ማግስት ነበር» ወይም «ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው» ብትዪን እኛ እንቆጥረዋለን። እንዲያውም ከቁጥሩ ይልቅ በዓሉ ሲታመን አይቻለሁ።

ሁሉንም ቀጠሮ መሄድ ባልችል የትኛው ይቅር? በስልክስ ማድረግ ይቻላል?

ስልክ ምክር ይሰጣል፣ ቀጠሮ ያሸጋሽጋል፣ የምርመራ ውጤት ይነግራል። ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ የፅንስ ልብ አያዳምጥም። ስለዚህ አንዱን በስልክ ሌላውን በአካል ማፈራረቅ ይቻል ይሆናል እንጂ ሁሉንም በስልክ ማድረግ አይቻልም፤ ማፈራረቁንም የሚወስነው ካርድሽን የያዘው ባለሙያ ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ መንታ እርግዝና ወይም ቀድሞ በኦፕራሲዮን መውለድ ካለብሽ ይህን አታስቢው።

የማይቀሩትን ልንገርሽ። የመጀመሪያው አይቀርም፤ የደም ዓይነት፣ የደም መጠን፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝ፣ የሄፓታይተስና የሽንት ምርመራ እዚያ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጀመራል፣ ሁለተኛው መርፌ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ አይቀርም። ከ30ኛው ሳምንት ወዲህ ያሉት ደግሞ፣ ሴቶች «እንግዲህ ደርሻለሁ» ብለው የሚተዉዋቸው ሲሆኑ ግፊት የሚጠናውና የፅንሱ አቀማመጥ የሚታየው ያኔ ነው። ቀጠሮ ስታስይዢ «ደም፣ ክትባትና አልትራሳውንድ በአንድ ቀን ይሁንልኝ» ብለሽ ጠይቂ። ካልጠየቅሽ ማንም አያጣምርልሽም።

አቅም ያለው ቤተሰብ የክንድ ግፊት መለኪያ ቢገዛ ጥሩ ነው። አምስት ደቂቃ አርፈሽ፣ ጀርባሽን አስደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታጣምሪ ለኪ። ከላይ 140 ወይም ከታች 90 ከደረሰ በዚያው ቀን ደውለሽ ሂጂ።

ጤና ጣቢያ ልሂድ ወይስ ሆስፒታል?

እርግዝናሽ ጤናማ ከሆነ በቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ይመረጣል። በእግር የሚደረስ ነው፣ የሚታከመው ሰው ከሆስፒታል ያነሰ ነው፣ ነገሩ ከጠነከረም ሪፈር ይጽፍልሻል። በመሀል ከተማ ጋንዲ መታሰቢያ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ ምኒልክና ጥቁር አንበሳ በአጭር ርቀት ውስጥ ናቸው። ብዙ ሴት ቀጥታ ወደ ጋንዲ መሄድ ትወዳለች፤ እናቷም እዚያ ስለወለደች ነው። ስሜቱ ይገባኛል፤ ወረፋውም ይታወቃል።

በ2012 ዓ.ም. ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ሚሊኒየም አዳራሽ ለኮቪድ ሕሙማን ተለይተው ነበር። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ «መውለጃዬ አሁንም ክፍት ነው ወይ?» የሚለውን ምጥ ሳይመጣ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመልሶ ማልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ ካርዳችሁ ግን መሀል ከተማ የቀረ እናቶች ደግሞ የክትትል ታሪካችሁን አስጽፋችሁ ወደ አዲሱ ሰፈር ጤና ጣቢያ አዛውሩ። የለመዳችኋትን አዋላጅ መተው ያሳዝናል፤ ትራንስፖርት በግማሽ ሲጭን ግን ያ መንገድ ሌላ ምጥ ነው።

ክትትል ያስከፍላል?

በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት ከክፍያ ነፃ ነው። ወጪ የሚመጣው መሣሪያው ተበላሽቶ ወይም መድኃኒቱ አልቆ ወደ ግል ሲልኩሽ ነው፤ አልትራሳውንድ ዋነኛው ምሳሌ ነው። መቼ ይጠገናል፣ የትኛው የመንግሥት ተቋም ይሠራል ብለሽ ሳትጠይቂ ቦርሳሽን አትክፈቺ።

ታክሲ በግማሽ ሲጭን እንዴት ልድረስ? ሌሊት ምጥ ቢመጣስ?

ያኔ 12 ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ስድስት ጫነ፤ ዋጋውም እጥፍ ሆነ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚደረደረው ሰልፍ የሰባት ወር ሆድ ይዞ የሚቆም አልነበረም። ለቀን ቀጠሮ ምክሬ አጭር ነው፦ ረፋድ አራት ሰዓት አካባቢ ይሁንልኝ በዪ፤ ሠራተኛው መንገዱን ለቋል፣ ወረፋውም ሳስቷል። ሰልፍ ላይ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ ብሎ መናገር አያሳፍርም። አዲስ አበቤ ቁጡ ይምሰል እንጂ ለነፍሰ ጡር ቦታ ሲለቅ ያላየሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለምጥ ግን ዕቅድ ያስፈልጋል፤ ዕቅዱም በስምንተኛው ወር ተዘጋጅቶ ያልቃል። ያኔ የግል መኪና በሙሉና በጎዶሎ ታርጋ ተራ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። አንዲት ብልህ እናት ከግቢዋ አንድ ባለ ሙሉ አንድ ባለ ጎዶሎ ቁጥር ጎረቤት ይዛ ሁለቱንም አስምላ ጠበቀች። እኔ በሙያ ዘመኔ ያየሁት ምርጥ የወሊድ ዕቅድ እሱ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት አምቡላንስ 939 ነው፤ ስልክሽ ላይ ብቻ ሳይሆን በር ላይ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ስልኳን አትፈልግም። አምቡላንሱ ሰፈርሽ ውስጥ ገብቶ እንዳይባዝን አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ይቁም። ካርድሽ፣ የደም ዓይነትሽ የተጻፈበት ወረቀት፣ ልብስሽና የሕፃኑ መጠቅለያ በአንድ ቦርሳ ይሁኑ።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ራሴን እንዴት ልጠብቅ? ማስኩ ፅንሱን አያፍነውም?

አያፍነውም። ማስክ ለነፍሰ ጡር ምቾት ይነሣል፣ ኦክስጅን ግን አይነሣም። ትንፋሽ ካጠረሽ ሰው ወደሌለበት ወጥተሽ ገልጠሽ ተንፍሺ። በተረፈ ቀጠሮሽን ጠብቀሽ ሂጂ፤ በመስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ተቀመጪ፤ ስትገቢም ስትወጪም እጅሽን ታጠቢ፤ አጃቢ ከአንድ አይብለጥ። የታመመ ሰው የሚታይበት ክፍልና የእናቶች ክፍል መግቢያቸው ይለያይ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልተለያየ መጠየቅሽ ራሱ ኀላፊውን ያነቃዋል።

ባሌ ወይም እናቴ አብረውኝ ማዋለጃ ክፍል መግባት ይችላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው አንድ ሰው አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል፤ በወረርሽኝ ጊዜም ምክሩን አላነሣም፤ አጃቢው ምልክት የሌለበት፣ ማስክ ያደረገና የማይመላለስ ይሁን ይላል። በእኛ ከተማ ግን ከቫይረሱ በፊትም ባል በር ላይ ነበር የሚቀረው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በመጋረጃ የሚለያዩ አልጋዎች ናቸው፣ የሌሎች እናቶች ገመና አለ። ኮቪድ ሰበብ ሆነ እንጂ በሩን የዘጋው እሱ አይደለም።

ለማንኛውም ቀድመሽ ጠይቂ። አይሆንም ከተባለም ከምጡ በፊት «በየስንት ሰዓቱ ለውጭ ሰው ወሬ ይነገራል?» ብለሽ ተስማሚ። በር ላይ የቆመች እናት ምንም ሳትሰማ ሦስት ሰዓት ስትቆይ እልህዋና እንባዋ ወደ ውስጥ ይደርሳል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም… ነፍሰ ጡር ብትወስድ ምን አለ?

ነጭ ሽንኩርቱም ዝንጅብሉም በወጥና በሻይ ልክ ምንም አይሉሽም። መርካቶ ላይ ዋጋቸው ሰማይ ሲነካ የገዛችሁት ገንዘባችሁን እንጂ ጤናችሁን አልጎዳችሁም። ፌጦ ተወቅጦ በብርጭቆ ሲጠጣ፣ ጤና አዳም ተጨምቆ ሲወሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ማሕፀን የሚያነሣሡ ናቸው ተብሎ ስለሚታመን ነፍሰ ጡር እንድትርቃቸው ይመከራል፤ አያቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ቡና ላይ ጣል የምትደረገውን ቅጠል ለጽንስሽ ስትዪ ብትተዪያት ቡናው አይቆጣም።

አረቄ «ቫይረሱን ያቃጥላል» የሚለው ወሬ እንዳያታልልሽ፤ የሚደርሰው ልጁ ዘንድ ነው። ሰውነትን በፈላ ውሃ እንፋሎት መታጠንም ይቅርብሽ፤ ቃጠሎ ያመጣል፣ የሰውነት ሙቀትም ያለልክ ይጨምራል።

ሳልና ትኩሳት አለብኝ፤ ቀጠሮዬ ደግሞ ነገ ነው። ልቅር?

አትቅሪ፤ ደውለሽ ሂጂ። በ2012 ዓ.ም. ለዚህ 8335 እና የከተማው ጤና ቢሮ 952 ነበሩ፤ የጤና ጣቢያሽን ቁጥርም ያዢ። ምልክትሽን ቀድመሽ ስትናገሪ በሌላ በር ያስገቡሻል ወይም ቀጠሮውን በቀናት ያሸጋሽጉታል። ደብቀሽ ወረፋ ላይ መቀመጥ ግን አጠገብሽ ያለችውን የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር መበደል ነው። ደግሞም ትኩሳት ሁሉ ኮቪድ አይደለም፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ታይፎይድ፣ ወባ ካለበት አገር ከመጣሽም ወባ ሊሆን ይችላል። በወረርሽኝ ጊዜ ከምፈራቸው አንዱ ይህ ነው፤ ሁሉም ነገር በአንዱ በሽታ ስም ይጠራና ሌላው ሳይታከም ይቀራል።

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካጣበቀሽ ወይም ከንፈርሽ ከጠቆረ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ነው።

በቫይረሱ ከተያዝኩ ልጄም ይያዛል? በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው? ጡትስ?

በኮቪድ ከእናት ወደ ፅንስ መተላለፉ ጥቂት ጊዜ ብቻ የታየ ነው። የሚያሳስበው እናቲቱ ናት፦ ነፍሰ ጡር ከተያዘች ከእኩዮቿ ይልቅ በጽኑ የመታመምና ያለ ጊዜዋ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ይላል፤ በተለይ ስኳር፣ ግፊት ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ካለባት። ኮቪድ ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም። ጡት ማጥባትም አይከለከልም፤ እጅሽን ታጥበሽ፣ ማስክ አድርገሽ፣ በመጀመሪያው ሰዓት አጥቢ። ልጁን ወስዶ ከእናቱ ማራቅ የሚያስፈልገው እሷ ራሷ ጸንቶባት መያዝ ካልቻለች ነው።

የኮቪድ ክትባት ለነፍሰ ጡር ይሆናል?

ይሆናል። ክትባቱ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ ዓመቱ ነበር፤ ያን ጊዜ ለነፍሰ ጡር የነበረው መረጃ ቀጭን ስለነበር እኛም ስንናገር እንቆጠብ ነበር። በኋላ በብዙ አገር የተከተቡ ነፍሰ ጡሮች ታይተው ጥቅሙ ከሥጋቱ እንደሚበልጥ ታወቀ። «መካን ያደርጋል» የሚለው ሐሰት ነው።

የአይረን ኪኒኔ አልቋል፤ ሌላም የማላቋርጠው መድኃኒት አለኝ። ምን ላድርግ?

አይረንና ፎሊክ አሲድ በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ የተለመደው 60 ሚሊ ግራም አይረን ከ400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ጋር ነው። እገዳ ሲሸት በአንድ ጊዜ የሁለት ወይም የሦስት ወር ይሰጠኝ በዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣል። ከቡና ጋር አትውሰጂው፤ ቡናው አይረኑን ይሻማዋል። የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ ደግሞ አንድ ቀንም አታቋርጪ። የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ እናት፣ ከአንቺ የሚፈለገው ካርድ ክፍሉ ፊት መታየቱን ሳትፈሪ መምጣት ነው፤ መምጣት ካቃተሽ ደውዪ፤ ከባለሙያው ጋር ሆናችሁ መንገድ ይፈለጋል።

ምራቴን ቤት ውስጥ ብናዋልዳትስ? እኔ ስድስት ልጅ የወለድኩት ቤቴ ነው።

እማማ፣ እርስዎ ስድስት ወልደው ስለተነሡ ነው ዛሬ ይህን የሚጠይቁኝ። ያልተነሡት አይጠይቁኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2000 ደግሞ 871 ነበር። ቁጥሩ የወረደው እናቶች ወደ ተቋም መምጣት ስለጀመሩም ጭምር ነው።

ቤት ውስጥ የማይቻለው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ደም ነው። ከወሊድ በኋላ ማሕፀኑ አልሰበሰብ ሲል የሚፈሰው ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ማሕፀን የሚያሰባስበው መርፌ፣ ግሉኮሱ፣ የሚተካው ደም ቤትዎ የሉም። በእገዳ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ስለሚረዝም «ከባሰ እንወስዳታለን» የሚለው አይሠራም። ይልቅ ለልጅዎ አንድ ሥራ ልስጥዎት፤ ሄዶ ደም ይለግስ። ትምህርት ቤትና ኮሌጅ ሲዘጋ ዋናዎቹ ለጋሾች ይጠፋሉ፣ ደም ባንክ ይራቆታል። ገንፎውን እርስዎ ያዘጋጁ፤ ስትመለስ ይደርሳል።

አለቃዬ ለክትትል ፈቃድ አልሰጥም፣ ከቀረሽም ደመወዝ እቆርጣለሁ አለኝ። መብት አለኝ?

አለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 ከእርግዝና ጋር ለተያያዘ ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥሽ ያዛል፤ አንቺ የምታቀርቢው የሐኪም ማስረጃ ነው። የወሊድ ፈቃዱም 120 ቀን ነው፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ፣ ከሙሉ ክፍያ ጋር። ስለዚህ ከክትትል ስትወጪ «ዛሬ ታይታለች» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳትይዢ አትውጪ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ከተቀመጠው ሥርዓት ውጪ ሠራተኛ ማሰናበትም፣ ተከራይን ከቤት ማስወጣትም ተከልክሎ ነበር፤ አዲስ እገዳ ሲመጣ እንዲህ ያለ ድንጋጌ ይኖረው እንደሆነ ከማስፈጸሚያ ደንቡ ተመልከቺ።

ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እመቤቴ «ከወጣሽ በሽታ ይዘሽ አትመለሺም» አሉኝ። የአዲስ አበባ መታወቂያም የለኝም።

ከጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የቤት ሠራተኛን ቅጥር አይሸፍንም። ሕጉ እጁን ሲሰበስብ የሚቀረው የሰው ፊት ነው። አምስት ወር ሙሉ ከግቢ ሳትወጣ ቆይታ በስድስተኛው ወር ፊቷ አብጦ የመጣች ልጅ ትዝ ትለኛለች። አሠሪዋ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ስኳር በሽተኛ እናት ነበሯቸውና ፈሩ። ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም ነበር።

ስለዚህ ማስረዳቱን ለብቻሽ አትሸከሚው። ወረዳው የሚመድባት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት ትዞራለች፤ ወደ ግቢው ገብታ «እኔ ወስጄ እመልሳታለሁ፣ ማስክ አድርጋ፣ ስትመለስ ታጥባ» ብትል ከአንቺ ልመና ይሰማል። ጤና ጣቢያውም ሰዓቱ የተጻፈበት ቀጠሮ ይስጥሽ፤ በወሬ የሚፈራ ሰው በወረቀት ይረጋጋል። መታወቂያ የለሽም ተብሎ ክትትልና ወሊድ ሊከለከል አይገባም። ካርድ ክፍል ላይ ከተመለስሽ መስኮቱ ላይ አትከራከሪ፤ ቀጥ ብለሽ ወደ እናቶች ክፍል ገብተሽ ለአዋላጇ ንገሪ። እኛ ሄደን እናስወጣልሻለን።

«የደም ዓይነትሽ ኔጌቲቭ ነው» ተብያለሁ። በእገዳ ጊዜ ለእኔ የሚለይ ነገር አለ?

አለ፤ ጊዜው ነው። የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የአባት ፖዚቲቭ ሲሆን ልጁ ፖዚቲቭ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰውነትሽ የልጁን ደም ባዕድ ብሎ የሚዋጋው ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ሊጀምር ይችላል። የመጀመሪያውን ልጅ ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ቀጥሎ የሚመጡትን ነው። አገራችን ሾተላይ የምትለው፣ ስንት ትዳር ያፈረሰ፣ ስንት ሴት በጠንቋይ ደጅ ያንከራተተ ይህ ነው።

መከላከያው ፀረ ዲ የሚባል መርፌ ነው፤ በ28ኛው ሳምንት አንዴ፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ልጁ ፖዚቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ። ፅንስ ሲወርድ ወይም በእርግዝና መካከል ደም ሲታይም ያስፈልጋል። ውድ ነው፣ ከመድኃኒት ቤት የሚጠፋበት ጊዜም ብዙ ነው፤ በረራና ጭነት ሲስተጓጎል ደግሞ ይብሳል። እገዳ ሲሸት የአንቺ የመጀመሪያ ሥራ ሽንኩርት መግዛት ሳይሆን ይህ መርፌ የት እንደሚገኝ ማጣራት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ ስለሆነ ገዝተሽ ቁምሳጥን ውስጥ አታስቀምጪው፤ የት ይቆይ የሚለውን ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋገሪ።

ምጥ ይዞኝ ስሄድ «አልጋ የለም» ወይም «መጀመሪያ የኮቪድ ውጤት አምጪ» ብለው ቢመልሱኝስ?

ድንገተኛ ሕመም ወይም ምጥ ያለባትን ሴት ሳያዩ መመለስ ተገቢ አይደለም። አልጋ ባይኖርም መጀመሪያ ይታያል፣ ይረጋጋል፣ ከዚያ ቦታ ያለው ተቋም በስልክ ተፈልጎ በሪፈርና በአምቡላንስ ይላካል። «ሂጂና ሌላ ቦታ ሞክሪ» ሪፈር አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 የሕክምና ባለሙያ ከፍ ያለ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ አገልግሎት መንፈግን በወንጀል ይጠይቃል።

በር ላይ ግን ሕግ መጥቀስ ብዙም አያዋጣም፤ ጥበቃው አንቀጽ አያውቅም። የሚያዋጣው እነዚህ ናቸው፦ ካርድሽን አሳዪ፤ ተረኛ አዋላጅ ወይም ሐኪም ይምጣ በዪ፤ ደም፣ ማንቀጥቀጥ ወይም የእንሽርት ውሃ ካለ እሱን በመጀመሪያ ተናገሪ፤ አጃቢሽ የመለሰሽን ሰው ስምና ሰዓት ይጻፍ። ስም ሲጻፍ በር ሲከፈት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ልጁ ዛሬ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ሌሊት ነው። እስኪነጋ ልጠብቅ?

በመጀመሪያ እርግዝና እንቅስቃሴው የሚሰማው 20ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ልማድ ይኖረዋል። አንዱ አንቺ ስትተኚ ይነቃል፣ ሌላው ከምሳ በኋላ ይራገጣል። ልማዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ከልማዱ ቀንሶ ከተሰማሽ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ፣ ስልክሽን አርቀሽ አዳምጪ። አሁንም ቅር ካለሽ አትጠብቂ።

ደም ከታየ፣ ራስሽን ፈልጦ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ሆድሽን አጥብቆ ከያዘሽ ወይም ካተኮሰሽም እንዲሁ ነው። ጎረቤቱን ቀስቅሺው፤ 907 ደውዪ፤ ካርድሽን ያዢና ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ውጪ። ሄደሽ ደኅና ሆኖ ቢገኝ ማንም አይቆጣሽም፤ ከተቆጣሽ እሱም ስሙ ይጻፍ።